እግረ ደረቁ ድራይቭ

ኮምፒዩተሩ ለሦስት ዓመት ያለ ችግር ሠርቷል። ባለቤቱ ቦታ ስለጠበበው አንድ ቴራባይት የሚይዝ ኤስኤስዲ ገዝቶ በገዛ እጁ ገጠመለት፤ ማሽኑም አዲሱን እንግዳ ሳያንገራግር ተቀበለ። በሁለተኛው ቀን ሰውየው «አንዴ ከጀመርኩት አይቀር፣ ጠቅላላ ላጽዳው» ብሎ ዊንዶውስን ወደ መጀመሪያው የሚመልሰውን የሪሴት ትእዛዝ ሰጠ። ስክሪኑ ጠቆረ፣ ክቡ ዞረ፣ መቶኛው ጥቂት ቆጠረና ቆመ። ከዚያ ሪሴቱ ችግር እንደገጠመው፣ ምንም ለውጥም እንዳልተደረገ የሚናገር አጭር መልእክት ብቅ አለ። ሰውየው ኮምፒዩተሩን ተሸክሞ ጥገና ቤት ሲደርስ የተናገረው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፦ «ኤስኤስዲ ጨምሬበት ሪሴት እምቢ አለኝ።»

በየጥገና ቤቱ እንዲህ ያለ ታሪክ ይዞ የሚመጣ አይታጣም። ድራይቩ አንዳንዴ አዲስ ኤስኤስዲ፣ አንዳንዴ ከአሮጌ ኮምፒዩተር የተነቀለ ሃርድ ዲስክ ይሆናል፤ ዐረፍተ ነገሩ ግን ያው ነው። ልብ ብሎ ላዳመጠው ደግሞ ሁለት ነገር በአንድ ትንፋሽ ይናገራል። «ጨምሬበት» የሚለው ቃል የቱ እንደቀደመና የቱ እንደተከተለ ያሳውቃል፤ በዚያው አፍታ ጥፋተኛውንም በጣቱ ይጠቁማል። አማርኛ ለዚህ የተመቸ ነው። «ተነሥቶ ወጣ» ሲባል ነገሩ ቅደም ተከተል ብቻ ነው፤ መነሣቱ አላስወጣውም። «ዝናብ መትቶት ታመመ» ሲባል ግን ሰሚው ምስክር ሳይጠራ በዝናቡ ላይ ይፈርዳል። የግሱ ቅርጽ በሁለቱም አንድ ነው። «ከዚያ በኋላ» እና «በዚያ ምክንያት» በአንድ ድልድይ ይሻገራሉ፤ ማን ማን እንደሆነ መለየት የሰሚው ሥራ ሆኖ ይቀራል።

የቤቱ ልማድም ያግዛል። እንግዳ በገባ ማግስት ላሚቱ ከወለደች እንግዳው እግረ ርጥብ ነው፤ ከሞተች እግረ ደረቅ። ላሚቱ ከወር በፊት ጀምሮ ሣር መንካት ትታ እንደነበር የሚያስታውስ ቢኖር እንኳ በዚያች ሰዓት ትዝ አይለውም። በኮምፒዩተሩ ቤት የመጨረሻው እንግዳ ድራይቩ ነው፤ ስለዚህ ፍርዱ ሳይመረመር ወድቆበታል። ከአንድ ነገር ቀጥሎ የመጣውን በእርሱ ምክንያት የመጣ ነው ለማለት የሚፈቅድልን ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ ከቴክኒሻኖች አስቀድመው ነቢያት፣ ፈላስፎችና ሐኪሞች ተጋፍጠውታል።

መልሱን ለመፈለግ መጀመሪያ ማሽኑን መክፈት ይበጃል። የቆመበትን ወለል እያፈረሰ ቤት የሚያድስ የለም። ዊንዶውስም እየሠራ ሳለ ራሱን ነቅሎ ራሱን መትከል አይሆንለትም። ስለዚህ በዲስኩ ላይ ለብቻዋ በተከለለች ጠባብ ክፍል፣ ብዙ ጊዜ ከአንድ ጊጋባይት በማትበልጥ ፓርቲሽን ውስጥ፣ ሌላ ትንሽ ሲስተም ተቀምጦ ይጠብቃል። ሪከቨሪ የሚሉት ይህን ነው። ሪሴት ሲታዘዝ ትልቁ ዊንዶውስ ይተኛል፤ ትንሹ ይነቃና የትልቁን ቤት አፍርሶ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2015 ከወጣው ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ ለዚህ ሥራ የፋብሪካውን ሙሉ ቅጂ በጓዳ ማስቀመጥ ግድ መሆኑ ቀርቷል፤ ግንባታው በዲስኩ ላይ ካሉት የሲስተም ፋይሎች ይካሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ዊንዶውስን ከኢንተርኔት እንደ አዲስ አውርዶ የመሥራት ምርጫ ተጨመረ፤ እርሱ ከ4 ጊጋባይት በላይ ዳታ ይበላል።

በዚህ መሃል አዲሱ ድራይቭ ምን ሊያደርግ ይችላል?

ምንም ላያደርግ ይችላል። የትንሿ ክፍል በር ከተዘጋ ዓመት ሆኖት ይሆናል። ባለቤቱ አምና ዊንዶውሱን ከአንድ ዲስክ ወደ ሌላ ሲገለብጥ ክፍሏ በአሮጌው ዲስክ ላይ ቀርታ፣ አሮጌው ዲስክም ፎርማት ተደርጎ ተሽጦ ይሆናል። ሪኤጀንትሲ የምትባል አንዲት ትእዛዝ አለች፤ ብትጠየቅ ሪከቨሪው ክፍት ይሁን ዝግ፣ በየትኛው ዲስክ በየትኛው ፓርቲሽን እንደተቀመጠ ትናገራለች። ግን ማን ጠይቋት ያውቃል? ወደዚያች ክፍል ሰው የሚሄደው በክፉ ቀን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 አንድ የደኅንነት አፕዴት በለቀቀ ጊዜ አፕዴቱ በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ አልጫን አለ፤ ምክንያቱ ይህችው ክፍል መጥበቧ ነበር። ኩባንያው ተጠቃሚዎች ክፍሏን በ250 ሜጋባይት እንዲያሰፏት መመሪያ አወጣ። ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ጓዳ በቤቱ እንዳለ የሰማው ያን ጊዜ ነው።

ድራይቩ በእርግጥ ጥፋተኛ የሚሆንበት ጊዜም አለ። በብዙ ማዘርቦርዶች ላይ አዲሶቹ ስስ ኤስኤስዲዎች የሚሰኩበት ማስገቢያ ከአንዱ የሳታ መሰኪያ ጋር አንድ መስመር ይጋራል፤ ማስገቢያው ሲያዝ መሰኪያው ድምፁ ይጠፋል። በዚያ መሰኪያ ላይ የነበረው ዲስክ ከማሽኑ ዓይን ይሰወራል። ያን ጊዜ እንግዳው በእውነት የባለቤቱን ወንበር ወስዷል።

ከሁለቱም የማይመደብ ሦስተኛ መንገድ አለ። ሁለት ዲስክ ባለበት ማሽን ላይ ዊንዶውስ ሲጫን ማስነሻው በአንዱ፣ ሲስተሙ በሌላው ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ ለዲስኮች የሚሰጠው የ0 እና የ1 ተራ ቁጥርም አዲስ ሲጨመር ሊለዋወጥ ይችላል። እዚህ ላይ አሮጌውም ዲስክ ጤነኛ ነው፣ አዲሱም ጤነኛ ነው፣ ሪሴቱም ጤነኛ ነው። የተዛባው ማን የት እንደተቀመጠ ነው። ሰውየው «ኤስኤስዲ ጨምሬበት» ሲል ከነዚህ ሦስቱ የቱን እንደተናገረ ራሱም አያውቅም።

በነሐሴ 2017 ዓ.ም. አራተኛ ዓይነት ታየ። ነሐሴ 6 ቀን፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 12 ቀን 2025 መሆኑ ነው፣ ማይክሮሶፍት ወርኃዊውን የደኅንነት አፕዴት ለቀቀ። አፕዴቱ በገባባቸው የዊንዶውስ 10 እና በጊዜው ከነበረው የቅርብ እትም በፊት በወጡ የዊንዶውስ 11 ኮምፒዩተሮች ላይ ሪሴትና ሪከቨሪ መክሸፍ ጀመሩ። ኩባንያው ስህተቱን አምኖ ነሐሴ 13 ቀን ከተለመደው መርሐ ግብር ውጪ ማስተካከያ አወጣ። በዚያች ሳምንት፣ ነሐሴ 8 ቀን አዲስ ድራይቭ ገጥሞ ነሐሴ 10 ቀን ሪሴት የከሸፈበትን ሰው ማሰብ አይከብድም። አፕዴቱ የገባው ማንም ሳያየው፣ ሌሊት፣ በራሱ ፈቃድ ነው። ድራይቩ ግን በሰውየው እጅ፣ በሰውየው ዊንጣ መፍቻ፣ በሰውየው ገንዘብ ገባ። ሰው በእጁ የሠራውን አስቀድሞ ይጠረጥራል፤ ከበስተጀርባው የሆነውን ኋላ ያስታውሳል፣ ካስታወሰው።

ማስተካከያው የወጣበት ነሐሴ 13 ደግሞ ቡሄ ነበር። ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ በየደጁ ሲዞሩ፣ ጅራፍ ሲጮኽ፣ የኮምፒዩተሮቹ ችግር መፈታት ጀመረ። ጅራፉ ሪሴትን አዳነው የሚል ግን አልተሰማም። ለምን? ከጅራፍ ወደ ሪሴት የሚወስድ መንገድ በማንም አሳብ ውስጥ ስለሌለ ነው። ከድራይቭ ወደ ሪሴት የሚወስድ መንገድ ግን በቀላሉ ይታሰባል፤ ሁለቱም በአንድ ሣጥን ውስጥ ናቸው፣ ሁለቱም ከዲስክ ጋር ይነካካሉ። እንግዲህ ሰው ተከታትሎ የመጣውን ሁሉ ምክንያትና ውጤት አያደርግም። የሚያደርገው መንገድ ሊስልለት የቻለውን ነው፤ ከሳለው በኋላ ግን ሥዕሉን በዓይኑ ያየው መንገድ አድርጎ ይቆጥረዋል።

ይህን መንገድ የመሳል ልማድ በቅዱሳት መጻሕፍት ውስጥ በግልጽ የተገሠጸ ሆኖ ማግኘት ብዙዎችን ያስገርማል፤ ሃይማኖት ምልክት ፈላጊ ነው ተብሎ ይታሰባልና። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው ጥፋቱ የራሱ ነው ወይስ የወላጆቹ ሲሉ ይጠይቃሉ። ጥያቄው ሁለት ተጠርጣሪ ብቻ አቅርቦ አንዱን ምረጥ ይላል፤ ኢየሱስ ግን ሁለቱንም ነፃ ለቀቀ። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ደግሞ በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው የሞቱት 18 ሰዎች ከሌላው የኢየሩሳሌም ነዋሪ የባሱ ኃጢአተኞች እንዳልነበሩ ተናገረ። የኢዮብ ወዳጆች ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር መጀመሪያ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከአጠገቡ ዝም ብለው ተቀመጡ። አፋቸውን ሲከፍቱ ግን መከራ ካለ በደል ነበረ ማለት ነው ብለው ተከራከሩ። በመጽሐፉ መጨረሻ እግዚአብሔር የሚቆጣው በነርሱ ላይ ነው፤ ዝምታቸው ከምርመራቸው የተሻለ ነበር።

በእስልምናም ከዚህ የማያንስ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ632 የነቢዩ ሙሐመድ ሕፃን ልጅ፣ ከግብጻዊቷ ማሪያ የተወለደው ኢብራሂም፣ በሞተበት ቀን ፀሐይ ተጋረደች። የመዲና ሰዎች ፀሐይ የጨለመችው ለልጁ ሞት ነው አሉ። ነቢዩ ግን ፀሐይና ጨረቃ የአላህ ምልክቶች እንጂ ለማንም ሞት ወይም መወለድ የሚጋረዱ አለመሆናቸውን ተናገሩ፤ ይህም በቡኻሪና በሙስሊም የሐዲስ ስብስቦች ተመዝግቧል። ሐዘን ላይ የነበረ አባት ለልጁ ክብር የሚጨምረውን፣ ሰውም በደስታ የተቀበለውን ማያያዣ በገዛ አንደበቱ በጠሰው። «በኋላ»ን ከ«ምክንያት» ለመለየት ከዚህ የከበደ ሰዓት አይገኝም።

ከዚያ ወደ አራት መቶ ስድሳ ዓመት ቆይቶ የፋርሱ ሊቅ አቡ ሐሚድ አል-ገዛሊ ጥያቄውን እስከ ጥጉ ወሰደው። እ.ኤ.አ. በ1095 ባጠናቀቀውና ፈላስፎችን በሞገተበት መጽሐፉ ጥጥንና እሳትን ወሰደ። ጥጡ እሳቱን ሲነካ ይቃጠላል። ዓይን ያየው ምንድን ነው? መነካቱንና መቃጠሉን ነው፤ እሳቱ «ማቃጠሉን» ያየ የለም። ለገዛሊ የሚያቃጥለው ፈጣሪ ነው፤ እሳቱ በቦታው ተገኝቷል እንጂ በራሱ ግድ የሚል ኃይል የለውም። በኮርዶባ የተወለደው ኢብን ሩሽድ አንድ ምዕተ ዓመት ያህል ቆይቶ መልስ ጻፈ፦ ምክንያትን ከዓለም ያነሣ ሰው ዕውቀትንም አብሮ ያነሣል፤ ነገሮች የየራሳቸው ሥራ ከሌላቸው የየራሳቸው ስምም አይኖራቸውም። እ.ኤ.አ. ከ1739 ጀምሮ ደግሞ ስኮትላንዳዊው ዴቪድ ሂዩም ከገዛሊ ጋር በሚመሳሰል መንገድ፣ ፈጣሪን ሳይጠራ፣ ተመሳሳይ ስፍራ ደረሰ። አንዷ የቢልያርድ ኳስ ሌላዋን ስትመታ የምናየው መከታተልን ብቻ ነው፤ «ግድ» የሚለውን የሚጨምረው ልማድ ያደነደነው አእምሯችን ነው።

ቴክኒሻኑ በገዛሊና በኢብን ሩሽድ መካከል የሚኖር ሰው ነው። ምክንያት አለ ብሎ ካላመነ ሱቁን መዝጋት አለበት፤ ያየውን ሁሉ ምክንያት ነው ካለ ደግሞ ደንበኛ አይተርፈውም። ዊንዶውስ ሪሴት ሲከሽፍ ሲስሪሴት በሚባል የተደበቀ ፎልደር ውስጥ የሆነውን ይመዘግባል። ፋይሉ ሲከፈት ቀን፣ ሰዓት፣ ደቂቃ፣ ሴኮንድ፤ ይህን ፈለግሁ፣ ያን ከፈትሁ፣ ይህን አጣሁ፣ ቆምሁ። የሚያነበው ሰው የማሽኑን ኑዛዜ ያገኘ ይመስለዋል። ቀረብ ብሎ ላየው ግን መስመሮቹ ሁሉ ቅደም ተከተል ናቸው። ሂዩም ቢያየው ደስ የሚለው ፋይል ነው። በመስመሮቹ መካከል ያለውን «ስለዚህ» የሚያስገባው አንባቢው፣ ማለትም ቴክኒሻኑ ነው፤ የሚያስገባበት ቦታ ልክ መሆኑን ደግሞ በሌላ መንገድ ማጣራት ይኖርበታል።

መንገዱ የታወቀ ነው። እንግሊዛዊው ጆን ስቱዋርት ሚል እ.ኤ.አ. በ1843 ባሳተመው የሥነ አመክንዮ መጽሐፉ የልዩነት ዘዴ ብሎ አስቀምጦታል፦ በሁሉም ነገር አንድ የሆኑ፣ በአንድ ነገር ብቻ የሚለያዩ ሁለት ሁኔታዎችን አስተያይ። በጥገና ቤት ቋንቋ፦ ድራይቩን ንቀል፣ ሌላ ምንም አትንካ፣ እንደገና ሞክር። መንቀሉ ሌላም ጥቅም አለው። ሪሴቱ ሁሉንም ፋይል አጥፋ ሲባል ዊንዶውስ ያለበትን ድራይቭ ብቻ ላጽዳ ወይስ ሁሉንም ብሎ ይጠይቃል፤ በችኮላ የተጫነች አንዲት ምርጫ የእንግዳውን ጓዝ አብራ ታቃጥላለች።

ነገር ግን «ሌላ ምንም አትንካ» ለማለት ቢቀልም ለመፈጸም ይከብዳል። ድራይቩን ለመንቀል ኮምፒዩተሩ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል፣ ገመዱ ይወጣል፣ ኬብሎች ይነካካሉ፣ ላላ ያለው ይጠብቃል። አንድ ነገር ቀየርሁ ያለው ሰው አምስት ቀይሯል። ስለዚህ ጠንቃቃው ድራይቩን መልሶ ይሰካና ችግሩም ተመልሶ እንደሆነ ያያል። እዚህ ላይ ሪሴት ከሌላው ብልሽት የሚለይበት ጉድ ይመጣል። ከተሳካ፣ የነበረው ሲስተም የለም። ሁለተኛው ሙከራ የሚደረገው በሌላ ሰውነት ላይ ነው፤ በሽተኛው ድኗል፣ በሽታውን የሚመሰክር አካል ግን አብሮ ተቀብሯል። ዲስኩን አስቀድሞ ሙሉ በሙሉ ገልብጦ ያስቀመጠ ካልሆነ በቀር፣ ድራይቩ ስለተነቀለ ተሳካ ወይስ እንዲሁ ተሳካ የሚለውን ወደ ኋላ ተመልሶ መጠየቅ አይቻልም። ፈውሱ ራሱ ማስረጃውን አጠፋው።

የዚህ ጉድ ትልቁ ምሳሌ በለንደን ሶሆ ሰፈር ቆሞ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1854 የበጋው መጨረሻ ላይ በብሮድ ጎዳና ዙሪያ ኮሌራ ገብቶ ከ600 በላይ ሰው ገደለ። ሐኪሙ ጆን ስኖው ምንጩ የሰፈሩ የውኃ ፓምፕ ነው አለ፤ ሴፕቴምበር 8 ቀን የፓምፑ እጀታ ተነቀለ፣ ወረርሽኙም ቆመ። ታሪኩ በየትምህርት ቤቱ የሚነገረው እዚህ ላይ አብቅቶ ነው። ስኖው ራሱ ግን እጀታው ሲነቀል ወረርሽኙ አስቀድሞ እየቀነሰ እንደነበርና ነዋሪውም ሰፈሩን ጥሎ እንደሸሸ ጽፏል፤ በእጀታው መነቀል ብቻ ምንም ማረጋገጥ እንደማይቻል ያውቅ ነበር። የመጨረሻውን ነገር ነቅሎ ውጤቱን ማየት ለእርሱ በቂ አልነበረም።

ያሳመነው ሌላ ነገር ነው። ፓምፑ አጠገብ 535 ድሆች በሚኖሩበት መጠለያ የሞቱት 5 ብቻ ነበሩ፤ መጠለያው የራሱ ጉድጓድ ነበረው። በዚያው ጎዳና ባለው የቢራ ፋብሪካ ከ70 በላይ ሠራተኞች ነበሩ፣ አንድም አልሞተ፤ የሚጠጡት ቢራ ነበር። ከሰፈሩ ርቃ በሃምፕስቴድ የምትኖር አንዲት ሴት ግን ሞተች፤ የብሮድ ጎዳናን ውኃ ጣዕሙን ስለምትወደው ታስመጣ ነበር። ስኖው የፈለገው ከሕጉ የወጡትን ነው፦ አጠገቡ ሆነው ያልታመሙትን፣ ርቀው የታመሙትን። የሰፈሩ ቄስ ሄንሪ ዋይትሄድ ደግሞ ሐኪሙ ተሳስቷል ብሎ ሊያስተባብል ቤት ለቤት ሲዞር፣ በብሮድ ጎዳና ቁጥር 40 የታመመች ሕፃን መኖሯን፣ የቤቱም የፍሳሽ ጉድጓድ ከፓምፑ አጠገብ መሆኑን አገኘ። ሊቃወም የወጣው ቄስ ዋነኛው ምስክር ሆኖ ተመለሰ።

ቴክኒሻን የሚጠይቃቸው አሰልቺ የሚመስሉ ጥያቄዎች ከዚህ ወገን ናቸው። ድራይቩ ከመግባቱ በፊት ሪሴት ሞክረው ያውቃሉ? ይህ ድራይቭ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ገብቶ ሪሴት ተሳክቷል? ድራይቭ ያልጨመረ፣ ግን ሪሴት እምቢ ያለው የሚያውቁት ሰው አለ? ሰውየው ትዕግሥቱ ያልቃል፤ ጥፋተኛውን ይዞ መጥቶ ሳለ ስለ ጎረቤት ይጠየቃል።

ትዕግሥት ያለቀበት ሕዝብ ደግሞ ምን እንደሚያደርግ ታሪክ ጽፎታል። እ.ኤ.አ. በ1348 ጥቁር ሞት የተባለው ወረርሽኝ አውሮፓን ሲያጥለቀልቅ አይሁድ የውኃ ጉድጓዶችን መርዘዋል የሚል ወሬ ተነሣ። በዚያው ዓመት የሮማው ፓፓ ቀሌምንጦስ 6ኛ ባወጡት ደብዳቤ ክሱን ውድቅ ያደረጉበት ምክንያት ከጆን ስቱዋርት ሚል በ500 ዓመት ገደማ የቀደመ የልዩነት ዘዴ ነው፦ ወረርሽኙ አይሁድንም ይገድላል፤ አይሁድ በማይኖሩባቸው አገሮችም ይገድላል። ደብዳቤው ብዙ ቦታ ሰሚ አላገኘም። በስትራስቡርግ ከተማ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1349 በመቶዎች የሚቆጠሩ አይሁድ ተቃጠሉ። ወረርሽኙ ስትራስቡርግ ገና አልደረሰም ነበር። እዚያ «በኋላ» እንኳ አልነበረም፤ መንገዱ ተሥሎ ስላለቀ ውጤቱ ሳይመጣ ምክንያቱ ተቀጣ።

ከሕይወትና ከሞት ወደ ዊንጣ ሲመለሱ ግን አንድ ያልተመለሰ ጥያቄ ይቀራል። ሪከቨሪው ዝግ ወይም የጠፋ ሆኖ ቢገኝ፣ ምክንያቱ «የሌለ ነገር» ነው ማለት ነው። የሌለ ነገር እንዴት ያጠፋል?

በአራተኛው ምዕተ ዓመት የቂሣርያው ጳጳስ ባስልዮስ፣ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱ በስሙ የሚጠራው፣ የዚህን ጥያቄ ታላቅ ወንድም መልሶ ነበር፦ ክፋትን ማን ፈጠረው? መልሱ ማንም የሚል ነው። ክፋት ራሱን ችሎ የቆመ ባሕርይ የለውም፤ የመልካም ነገር መጉደል ነው። ዓይን ተፈጥሯል፤ ዕውርነት ግን ዓይን ሲጠፋ የሚሆን እንጂ ማንም የፈጠረው አይደለም። የሰሜን አፍሪካው አውግስጢኖስ ከእርሱ ቀጥሎ ይህንኑ አሳብ በላቲን አስፋፋው። በኮምፒዩተሩ ውስጥም ጥፋት የሚባል ዕቃ ተፈትቶ አይገኝም። ቴክኒሻኑ ከፍቶ የሚያየው ሁሉ ደህና ነው፤ የጎደለውን ግን በዓይኑ አያየውም፣ መኖር እንደነበረበት በማወቅ ብቻ ይደርስበታል።

የዘመኑ ፈላስፎች በአትክልተኛ ምሳሌ ይህን ያጠብቁታል። አትክልተኛው ውኃ ሳያጠጣ ቀርቶ አበቦቹ ደረቁ። አላጠጣም ከተባለ ጎረቤቱም አላጠጣም፣ መንገደኛውም አላጠጣም፣ የሩቅ አገር ንጉሥም አላጠጣም። አትክልተኛው ብቻ የሚወቀሰው ማጠጣት የእርሱ ድርሻ ስለነበረ ነው። እንግዲህ መጉደል ምክንያት የሚሆነው መኖር የሚገባው ነገር ሲጎድል ነው፤ በአንድ የማሽን ብልሽት ውስጥ ሳይታሰብ «የሚገባ» የሚል ቃል ገብቷል። «ምክንያቱ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ከሥር «ድርሻው የማን ነበር?» የሚል ሌላ ጥያቄ ተሸክሟል። ምናልባት ሰው ወደ ድራይቩ የሚቸኩለውም ለዚህ ነው። ክፍሏን ዘግቶ የሄደው አምና ዲስኩን የገለበጠው እጅ ከሆነ፣ ያ እጅ የራሱ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉት ተረት እንዲህ ሲሆን ይገባል።

ወደ መጀመሪያው ሰውዬ ስንመለስ፣ በጥገና ቤቱ የተቀበለው ወጣት ቴክኒሻን ድራይቩን አልነቀለም። መጀመሪያ ጥቁሩን መስኮት ከፍቶ ሪኤጀንትሲን ጠየቃት፤ ሪከቨሪው ዝግ ነው አለችው። ሰውየው አምና ዲስክ ቀይሮ እንደነበር ሲጠየቅ ትዝ አለው። ልጁ ፋይሎቹን በውጭ ሃርድ ዲስክ ገለበጠ፣ የጎደለውን የሪከቨሪ ፋይል ከዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ አውጥቶ ቦታው መለሰ፣ ትእዛዟን እንድትከፍተው ነገራት፣ ዊንዶውስ ያለበትን ድራይቭ ብቻ መርጦ ሪሴቱን አስጀመረ። መቶኛው ቆጠረ። የቆመበትን ቁጥር አለፈ።

«እና ኤስኤስዲው አልነበረማ?» አለ ሰውየው፣ ግማሽ ቅር እያለው።

«እሱ ባይገባ ኖሮ ጋሼ፣ ሪሴት ያደርጉት ነበር?»

ሰውየው አሰበ። አያደርገውም ነበር። ማጽዳቱ ትዝ ያለው ኮምፒዩተሩን ለድራይቩ ሲል ስለከፈተ ነው። ቴክኒሻኑ የጥገና ቅጹን ስቦ «የተሠራው ሥራ» በሚለው መስመር ላይ «ሪከቨሪ ተከፍቷል፣ ሪሴት ተደርጓል» ብሎ ጻፈ። «የብልሽቱ ምክንያት» የሚለው መስመር ላይ እስክሪብቶው ጥቂት ቆመ፤ ከዚያ ሳይጽፍበት ፈርሞ አስረከበ። ሰውየው ሒሳቡን ከፍሎ ኮምፒዩተሩን አቅፎ በሩ ላይ ሲደርስ ስልኩ ጠራ።

«አዎ፣ አዎ፣ ጨረስኩ» አለ። «ኤስኤስዲ ጨምሬበት እንደ አዲስ ሆነልኝ።»